የጦር ሰፈር ሲለቀቅ ሜዳው የማን ይሆናል?

ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ባለው ኳስ ሜዳ ላይ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ድንኳን መተከሉን ሁላችሁም አይታችኋል። አዲስ ገቢዎቹ በሌሊት በጭነት መኪና መጡ፣ መቀበያው ሞልቶ ነበርና ባዶ ቦታ ተፈለገ፣ ባዶ ሆኖ የተገኘው ደግሞ ሜዳው ብቻ ነው። ከሁለቱ ጎሎች አንዱ አሁን የልብስ ማስጫ ሆኗል። ባለፈው እሑድ በዚሁ ጉዳይ በተጠራው የኮሚኒቲ ስብሰባ ላይ የተባለውን የሰማ ሰው ሳያዝን አልቀረም። አንዱ ወገን «ልጆቻችን ሌላ የሚተነፍሱበት ቦታ የላቸውም፣ ይነሱልን» ሲል፣ ሌላው ደግሞ «አንተስ የመጣህ ቀን ሜዳ ላይ አይደል እንዴ ያደርከው?» ብሎ መለሰ። እኛ መምህራኑም ለሁለት ተከፍለናል፤ ይህን አንደብቅም።

ታዲያ ጉዳዩ እኛ ዘንድ ብቻ የተነሳ ስላልሆነ፣ ዛሬ በዚህ ዓምድ ራቅ ካለ አገር ተመሳሳይ ነገር አምጥተን ማየት ፈለግን። ቦታው በጀርመን ዋና ከተማ በበርሊን የሚገኘው ቴምፕልሆፍ የተባለው ሜዳ ነው። የጦር ሰፈር ነበር፣ መናፈሻ ሆነ፣ ከዚያ ደግሞ ስደተኛ አረፈበት። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሜዳው ታሪክ የጠገበ ነው። አውሮፕላን ሳይፈጠር በፊት የፕሩሺያ ነገሥታት ወታደሮቻቸውን የሚያሰለጥኑበትና ሰልፍ የሚያሳዩበት ቦታ ነበር። በ1923 የአውሮፕላን ማረፊያ ሆነ። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ በሜዳው ጠርዝ ላይ በነበረ አንድ አሮጌ ወህኒ ቤት ውስጥ የፖለቲካ እስረኞችን አጉረው ሲያሰቃዩ ቆዩ። እስር ቤቱ በ1936 ሲዘጋ በዚያው ዓመት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ እንደ ቅስት የተጠማዘዘ ግዙፍ ሕንፃ መሥራት ተጀመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዚያ ሕንፃ አዳራሾች ውስጥ የጦር አውሮፕላን ይገጣጠም ነበር። ገጣጣሚዎቹ ብዙዎቹ ከፖላንድ፣ ከሶቪየት ኅብረትና ከሌሎችም ከተያዙ አገሮች በግድ የተጋዙ ሰዎች ነበሩ። እነርሱም ሜዳው ዳር በተሠራ የእንጨት ጎጆ ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። እንግዲህ ቴምፕልሆፍ ላይ «ካምፕ» የሚለው ቃል በ2015 የመጣ አይደለም።

ጦርነቱ ሲያልቅ ቦታው ለአሜሪካ ጦር ደረሰና የአየር ኃይሉ ሰፈር ሆነ። በጁን 1948 ሶቪየቶች ወደ ምዕራብ በርሊን የሚያስገባውን የመኪናና የባቡር መንገድ ዘጉት። ሁለት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያለ ቀለብና ያለ ማገዶ ቀረ። የዚያን ጊዜ አሜሪካና እንግሊዝ አንድ ከተማ ሙሉ በአውሮፕላን መቀለብ ጀመሩ። መንገዱ በሜይ 1949 ከተከፈተ በኋላም በረራው ለጥቂት ወራት ቀጥሎ፣ በድምሩ ከሁለት ሚሊዮን ቶን በላይ ጭነት ገባ። አብዛኛው እህል ሳይሆን የድንጋይ ከሰል ነበር፣ ለማሞቂያና ለመብራት። ጌይል ሃልቮርሰን የተባለ አሜሪካዊ አብራሪ ከረሜላ በመሐረብ አስሮ እንደ ጃንጥላ እያንሳፈፈ ለልጆች ይጥል ነበር። የበርሊን ሰዎችም አውሮፕላኖቹን «ዘቢብ ጣይ ቦምበሮች» እያሉ በፍቅር ጠሯቸው። የራሽን አውሮፕላን ሲመጣ ወደ ሰማይ ማንጋጠጥ ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገንም። በእኛ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ የእንግሊዝና የጀርመን የጦር አውሮፕላኖች በሰሜን ተራሮች ላይ እህል ሲጥሉ በልጅነታቸው ያዩ ሰዎች በመካከላችን አሉ።

አሜሪካኖቹ ጀርመን ከተዋሐደች በኋላ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለቀው ወጡ። የመንገደኛ አውሮፕላን ግን እስከ ኦክቶበር 30 ቀን 2008 ድረስ ማረፉን ቀጠለ። ከዚያ በሩ ተዘጋ። በሽቦ የታጠረ 300 ሄክታር ያህል ባዶ መሬት፣ ማለትም ከ400 የሚበልጥ የኳስ ሜዳ፣ መሐል ከተማ ላይ ተዘርግቶ ቀረ። በ2009 ሰዎች አጥሩን ጥሰው ለመግባት ሞከሩ፣ ፖሊስም መለሳቸው። በሜይ 2010 ራሱ የከተማው አስተዳደር በሩን ከፈተው።

መናፈሻ ስንል አበባ የተተከለበት፣ ፏፏቴ ያለበት፣ ዘበኛ ሣር አትርገጡ የሚልበት ዓይነት እንዳይመስላችሁ። የተደረገው ነገር በጣም ጥቂት ነው። ሁለቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝሙ መንደርደሪያዎች እንዳሉ ቀሩና ብስክሌት ነጂውና በጎማ ጫማ የሚንሸራተተው ወጣት ተቀበላቸው። ነፋስ ስለማይጠፋ ልጆች ትልልቅ ካይት ያበራሉ። ጎረቤቶች ከጣውላ ሳጥን ሠርተው፣ አፈር ሞልተው፣ ጎመንና ቲማቲም ያበቅላሉ። መሬት ላይ እንቁላሏን የምትጥል አንዲት ትንሽ ወፍ ስላለች በመራቢያዋ ወቅት ሰው እንዳይረግጣት የሣሩ አንድ ክፍል ይታጠራል። ሲመሽ በሩ ይዘጋል። በቃ ይኸው ነው።

የከተማው መንግሥት ግን እንዲሁ ሊተወው አላሰበም። መሐሉን ሜዳ አድርጎ ዳር ዳሩን 4,700 ያህል መኖሪያ ቤት፣ የሥራ ቦታና አንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ለመሥራት አቀደ። የቤት ኪራይ በየዓመቱ እየጨመረ ስለነበር ዕቅዱ ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ነዋሪዎቹ ግን አላመኑም። ቤቶቹ ለድሃ ይሆናሉ ቢባልም ስንቱ ለድሃ እንደሚሆን በግልጽ የተጻፈ ነገር አላገኙም፤ ዛሬ ዳሩን የወሰደ ነገ መሐሉን ይወስዳል ብለውም ፈሩ። ፊርማ አሰባሰቡ። ሜይ 25 ቀን 2014 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመራጮቹ 64 ከመቶ በላይ የሚሆኑት «ምንም አይሠራበት» አሉ። ውሳኔው ሕግ ሆነ፦ ሜዳው ሜዳ ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን። ድምፅ የሰጡት የጀርመን ዜግነት ያላቸው ሰዎች ብቻ ናቸው። ሜዳውን በምሥራቅ በኩል የሚያዋስነው ኖይኮልን የሚባል ሰፈር ነው። እዚያ ከቱርክና ከአረብ አገሮች የመጡ ሰዎች ለረጅም ዘመን ኖረዋል፣ ልጅ ወልደዋል፣ ሱቅ ከፍተዋል። እሑድ እሑድ ሜዳው ላይ ሥጋ የሚጠብሱት እነርሱ ናቸው። ዜግነት የሌላቸው ግን በኮሮጆው ዘንድ አልደረሱም። ከሌላኛው የከተማ ጫፍ ሆኖ ሜዳውን አይቶት የማያውቅ ዜጋ ወስኗል፣ በመስኮቱ በኩል የሚያየው ባዕድ ግን አልወሰነም። ውሳኔው ለእነርሱም ጥሩ ሊሆን ይችል ይሆናል፤ እኛ ያልነው አልተጠየቁም ነው።

የበርሊን ሰዎች ትልቅ ዕቅድ ለምን እንደፈሩ ለመረዳት ደግሞ ሌላ አንድ የጦር ሰፈር ማየት ይጠቅማል፤ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የነበረውን ኤል ቶሮን። በ1943 በባቄላ እርሻ ላይ የተሠራ የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር የአየር ሰፈር ነበር፤ ስፋቱም 1,900 ሄክታር ያህል። በ1975 ሳይጎን ስትወድቅ ወደ አሜሪካ ከተወሰዱት የቬትናም ስደተኞች የመጀመሪያዎቹ ያረፉት እዚያ ነው። ከዚያ በአውቶቡስ ፔንድልተን ወደሚባል ሌላ የጦር ሰፈር ተወስደው ድንኳን ውስጥ ገቡ። ዛሬ በዚያው አውራጃ ከቬትናም ውጭ ካሉት ሁሉ ትልቁ የቬትናሞች መኖሪያ ይገኛል።

ኤል ቶሮ በ1999 ተዘጋ። አየር ማረፊያ ይሁን ወይስ መናፈሻ በሚል ከ1994 እስከ 2002 የአካባቢው ሕዝብ አራት ጊዜ ድምፅ ሰጠ። በመጨረሻ መናፈሻው አሸነፈ። በ2005 መሬቱ ለጨረታ ቀርቦ አንድ የቤት ሠሪ ኩባንያ በ650 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው፣ ከዚያም ላይ 545 ሄክታር ያህሉን ለመናፈሻ እንዲሆን ለኧርቫይን ከተማ አስተላለፈ። ሰው ሠራሽ ሸለቆ፣ ሐይቅ፣ ሙዚየም፣ ያልተባለ ነገር አልነበረም። በ2007 ሰው ጭኖ ወደ ላይ የሚወጣ ትልቅ ብርቱካናማ ባሉን ተተከለ። ከላይ ሆኖ ወደፊት የሚሠራውን መናፈሻ ለማየት ማለት ነው! በ2008 የገንዘብ ቀውሱ መጣና የቤት ገበያው ወደቀ፣ ሥራውም ቆመ። ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከወጣ በኋላ የተሠራው ከታቀደው ትንሽ ክፍል ብቻ ነበር። በ2013 ከኩባንያው ጋር አዲስ ስምምነት ተደረገ፤ እርሱ የመናፈሻውን ግማሽ ያህል ሠርቶ ሊያስረክብ፣ በምላሹም ከ4,600 የማያንስ ተጨማሪ ቤት ሊሠራ። እውነት ለመናገር ከ2017 ወዲህ ትልልቅ የስፖርት ሜዳዎች ተከፍተዋል፣ ሕዝብም ይጠቀምባቸዋል። ከስሩ ግን የቆየ መርዝ አለ። ወታደሮቹ የአውሮፕላን ቅባት ያጥቡበት የነበረ ኬሚካል ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ገብቶ ቦታው በ1990 በአገሪቱ እጅግ ከተበከሉ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ነበር፤ ማጽዳቱም ብዙ ዓመት ፈጅቷል። እኛ አገር የጦር ሰፈር የነበረበት መሬት ላይ ልጅ አይላክም፣ ፈንጂ ይኖራል ብለን ነው። እዚያ የሚፈራው ደግሞ በዓይን የማይታይ ነገር ነው።

በማርች 2018 የአውራጃው ምክር ቤት ከዚያው ቦታ አጠገብ ባለው የመንግሥት መሬት ላይ ቤት ለሌላቸው ሰዎች ጊዜያዊ መጠለያ እንዲቋቋም ወሰነ። ነዋሪው በአውቶቡስ ተጭኖ መጥቶ ተቃወመ። ውሳኔው በሳምንቱ ገደማ ተሻረ። የመጀመሪያዎቹ የቬትናም ስደተኞች ባረፉበት መሬት ላይ የአገሬው ድሃ ድንኳን ሳይተክል ቀረ ማለት ነው።

ወደ በርሊን እንመለስ። ሕዝቡ «አይሠራበትም» ብሎ ከወሰነ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይሞላ፣ በ2015 መኸር ላይ፣ ከሶሪያ፣ ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን የሸሹ ሰዎች ወደ ከተማዋ ጎረፉ። ማሳረፊያ ጠፋ። የከተማው አስተዳደር የቴምፕልሆፍን አሮጌ የአውሮፕላን አዳራሾች ከፈተ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ2 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ገቡ። አዳራሹ ለአውሮፕላን እንጂ ለሰው አልተሠራምና ክፍል የሚባል ነገር የለውም። በስስ ግድግዳ ተከፋፍሎ፣ ተደራራቢ አልጋ ተደርድሮ፣ ጣሪያ የሌለው ጎጆ ተሠራላቸው። አንዱ ሕፃን ሲያለቅስ ሁሉም ይሰማል፣ መብራቱ ሲበራ በሁሉም ላይ ይበራል። ገላ መታጠቢያ እንኳ በመጀመሪያ አልነበረም። ለአጭር ጊዜ ነው የተባለው ከሁለት ዓመት በላይ ሆነ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከአዳራሹ ደጃፍ ወዲያ ማዶ ሰው የማይተኛበት 300 ሄክታር ሣር ተዘርግቶ ነበር።

አስተዳደሩ ሕጉ ይሻሻልልኝ አለ። የሜዳው ተከራካሪዎች ጠረጠሩ። ስደተኛውን ሰበብ አድርጎ በጓሮ በር ዕቅዱን ሊያስገባ ነው አሉ። ሰዎቹን የማይወዱ ሆነው አልነበረም፤ ከመካከላቸው ወደ አዳራሹ ልብስና ምግብ ይዘው የሚመጡ ነበሩ። ክርክሩ ከረረ። በጃንዋሪ 2016 የከተማው ምክር ቤት ሕጉን አሻሻለ፦ በሜዳው ጠርዝ ላይ ለስደተኞች ጊዜያዊ መጠለያ ማቆም ይቻላል፣ ግን እስከ 2019 መጨረሻ ብቻ። የኮንቴይነር መንደሩ የተሠራው ሣሩ ላይ ሳይሆን ድሮ አውሮፕላኖች ይቆሙበት በነበረው አስፋልት ላይ ነው። ቤተሰቦቹ ወደ 2017 መጨረሻ ገደማ ገቡ፤ እያንዳንዱ የራሱ በር፣ የራሱ ማብሰያና መታጠቢያ ነበረው። ቀኑ ሲደርስም፣ በ2019፣ መንደሩ ተዘጋ። የዩክሬን ጦርነት በ2022 ሲጀመር ደግሞ የድሮው አየር ማረፊያ እንደገና ስደተኛ ተቀበለ። የቤቱም ክርክር አልሞተም። ከ2023 ወዲህ ከተማውን የሚያስተዳድሩት ፓርቲዎች ዳር ዳሩን የመገንባቱን ሐሳብ መልሰው አንስተዋል።

ከዚህ ሁሉ እኛን የሚነካን የትኛው ነው? በእኛ አስተያየት ሁለት ነገር አለ።

አንዱ የተጻፈ ቀን ነው። የበርሊን ሕግ «ለጊዜው» ብሎ አላለፈም፣ ዓመቱን ጻፈ። «ጊዜያዊ» የሚለውን ቃል ከእኛ የበለጠ የሚያውቀው የለም፤ ጊዜያዊ ተብሎ በተሠራ ክፍል ውስጥ ተወልዶ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል የሚማር ተማሪ አለን። ቀን የሌለው ጊዜያዊ ሜዳውንም ይበላል፣ ድንኳን ውስጥ ያለውንም ሰው ይበላል። ቀን ከተጻፈ ሜዳውን የሚፈልገው ልጅም፣ ከፕላስቲክ ወደ ጭቃ ቤት መዛወር የሚፈልገው አዲስ ገቢም አብረው የሚጠይቁት ነገር ያገኛሉ።

ሁለተኛው ደግሞ ጥበቱ ከየት መጣ የሚለው ነው። በርሊን ላይ ሰው «ቤት የጠፋው ሣር ስለተጠበቀ ነው» ሲባል ይሰማል። ግን ያው ከተማ በ2004 ዕዳ በዝቶብኛል ብሎ 65 ሺህ ያህል መኖሪያ ቤቶች የነበሩትን የራሱን የቤቶች ድርጅት ለግል ባለሀብቶች ሸጧል። 65 ሺህ ሸጦ በ4,700 ምክንያት ሕዝብን ከሕዝብ ማከራከር! እኛም ጋ እንዲሁ ነው። አዲስ ገቢው ሜዳችን ላይ የሰፈረው ሜዳችንን ተመኝቶ አይደለም። ከካምፑ ወሰን ወዲያ ያለው ቦታ ስላልተፈቀደ፣ አዲስ ብሎክ ይከፈታል ተብሎ ስላልተከፈተ ነው። እሑድ ዕለት ግን ስለዚያ አንድ ሰው አልተናገረም። ሁላችንም ዓይናችንን የተከልነው ጎሉ ላይ በተሰጣው ልብስ ላይ ነበር። እኛ መምህራኑም ጭምር።

በማግስቱ ወደ ድንኳኖቹ ሄደን ነበር። አንዲት እናት ልጅ አዝላ ከሸራው ወጣችና ማን እንደሆንን ጠየቀች። ከትምህርት ቤቱ ነን አልናት። «መምህር፣ ሜዳ መሆኑን ማን ነገረን? በሌሊት ነው እኮ ያወረዱን» አለች። ስብሰባ መደረጉንም አልሰማችም። ለካስ ከ60 ድንኳን አንድ ሰው እንኳ አልተጠራም። የኖይኮልኑን ጎረቤት በሩቁ ስናዝንለት ቆይተን፣ እኛው ራሳችን ያንኑ አድርገናል።

የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በትምህርት ቤቱ 2ኛ ክፍል በር ላይ ሁለተኛ ስብሰባ ይኖራል። የብሎክ መሪዎች በሙሉ፣ ከድንኳኖቹም አምስት ሰዎች፣ ሁለቱ ሴቶች፣ እንዲገኙ ጠርተናል። ትግርኛና ኦሮምኛ የሚያስተረጉሙ ሁለት የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ተዘጋጅተዋል። ለካምፑ አስተዳደር የሚሄደው ደብዳቤ ረቂቅ እዚያው ይነበባል። የቀኑ ቦታ ባዶ ተትቷል፣ የሚሞላውም ድንኳን ውስጥ ያሉት ከተናገሩ በኋላ ነው። እስከዚያው ድረስ ከጎሉ ወዲህ ያለው ቁራጭ፣ በዘልማድ ማዕዘን የምንለው፣ ከሰዓት በኋላ ለሁሉም ልጆች እንዲሆን ከድንኳኖቹ አባቶች ጋር ተስማምተናል። ኳስ ያለው ያምጣ፣ የትምህርት ቤቱ ተንፍሳለች።